የአባቴ ፊልም ወደኋላ ሲሄድ

ሰው በበጎ ሥራው መታወስ ቢፈልግ አልነቅፍም። የምንቀው፣ በጎ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ካሜራውን የሚያስተካክለውን ነው። ይህን ንቀት ከማንም አልወረስኩትም፤ የተማርኩት ደሴ ላይ፣ ባደግኩበት ሳሎን ውስጥ፣ በአንዲት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያች እሑድ ድረስ እኔም እንደ ቤታችን ሰው ሁሉ የአባቴን ደግነት በፊልም ማስረጃነት የማምን ልጅ ነበርኩ። ልጅ ስል ፀጉሬ ሸብቶ፣ የራሴን ቤት ይዤ፣ በሥሬ ብዙ ሠራተኛ እያስተዳደርኩ ማለቴ ነው።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ቢሆንም እንጀራዬ ዓይኔ ነው፤ የተዛነፈ ድር፣ በደንብ ያልያዘ ቀለም፣ በጥቅሉ ውስጥ የተደበቀ እንከን እፈልጋለሁ። ትዳር አልያዝኩም፤ ብዙም አልናገርም። ቤተሰቦቼ ይህንን ኩራት ይሉታል። እኔ ግን እነሱ ሲናገሩ እየሰማሁ ስላደግኩ ለንግግር ያለኝ ጉጉት ገና በጠዋቱ አልቆ ነው።

አባቴ ይመር በደሴ ፒያሳ ከፊት ጨርቅ፣ ከኋላ እህል የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በወጣትነቱ፣ ኮምቦልቻን ለቅቆ ወደ አገሩ ከሚሄድ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ በእጅ የሚጠመዘዝ ትንሽ የፊልም ካሜራና ማሳያ ማሽን ገዛ። ሌላው ሰው ለዓመት በዓል ስቱዲዮ ሄዶ አንዲት ፎቶግራፍ በሚነሣበት ዘመን እኛ የምንንቀሳቀስ ቤተሰብ ሆንን። የፊልሙ ስፋት ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ተነሥቶ ሲያልቅ ለመታጠብ ባሕር ማዶ ይላካል፤ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፤ ሲመለስ ጎረቤት ይጠራል። ታዲያ ራሱን ፊልም አንሺ ብሎ የሚጠራው አባቴ በሁሉም ፊልም ውስጥ አለ። ቁልፉን የምትጫነው እናቴ ነበረች፤ አላህ ይዘንላት። እሱ ቦታ ይመርጣል፣ ሰው ያሰልፋል፣ ኮቱን ይቆልፋል፣ ከዚያ «አሁን!» ይላል። በዒድ ቀን ስንሮጥ የሚታየው ሩጫችን እንኳ፣ ሩጡ ተብለን የሮጥነው ነው።

ከፊልሞቹ ሁሉ የተከበረው «የእህሉ ፊልም» ነበር። በድርቁ ዘመን፣ እኔ ገና ጡት ሳልጥል የተነሣ ነው። የተራቡ ሰዎች ተሰልፈው በግቢያችን በር ይገባሉ። አባቴ ከደረጃው ላይ ቆሟል። መጀመሪያ የምትደርሰው ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ናት፤ ከረጢት እህል ያስይዛታል፤ ጎንበስ ብላ ታመሰግናለች። ምስሉ ዘለል ይልና አንድ ሽማግሌ ይቀበላል። እንደገና ዘለል ይላል፤ ሌላ ሴት ትቀበላለች። ካሜራው አንዴ ተጠምዝዞ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ መዝለሉ ማንንም አላስገረመም። ፊልሙ ድምፅ የለውም። ድምፁ አባቴ ነበር። በከዘራው እየጠቆመ፣ በየዓመቱ በእነዚያው ቃላት፣ «ይቺ ዘሀራ ናት፤ ያን ቀን ተቀበልኳት፣ ዛሬም ከቤቴ አልወጣችም» ይላል። እንግዶቹም «አላህ ይስጥህ» ይላሉ።

እትዬ ዘሀራ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ከደጋን ከተማ ወዲያ ካለው ቆላ በእግራቸው የመጡ፣ ባለቤታቸውን መንገድ ላይ የቀበሩ፣ በጀርባቸው ያዘሏት ልጅ ደግሞ እኛ ቤት ከገቡ በኋላ ብዙ ያልቆየችላቸው። ፊልሙ ሲታይ እሳቸው ሁልጊዜ ከኋላ ማድቤት ናቸው፤ እንግዳ አለና። በየዓመቱ ለፊልሙ በሚወጠረው አቡጀዲ ላይ የሚንቀሳቀሱት ሴት፣ አቡጀዲው ላይ ሲንቀሳቀሱ አይተው አያውቁም። ይጠሩ ብሎ ያሰበ አልነበረም። «አንቺ» የማይላቸውም በቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወንድሜ ጀማል ከአዲስ አበባ የደወለው ረቡዕ ነበር።

«እሑድ ደሴ ትመጫለሽ። አባ ይከበራል።»

«በምን?»

«በምን ማለት ምን ማለት ነው? በሕይወቱ ነዋ! ሰፈሩ የሚያሠራው ንባብ ቤት በስሙ ሊሰየምለት ነው። ኮሚቴው ቤት ድረስ ይመጣል፤ የእህሉን ፊልም እናሳያቸዋለን። ያንን ማሽንሽን ደግሞ ካንቺ በቀር የሚነካው የለም።»

«ማሽኑ የእኔ አይደለም። ፊልሙን አዲስ አበባ ወስደህ እንደምታስገለብጠው ነግረኸን አልነበረም?»

«አስገለብጠዋለሁ አልኩ እኮ! ደረቅ ነሽ፣ ወላሂ። በቃ ነይ።»

አስገለብጠዋለሁ ማለት ከጀመረ በኋላ ልጆቹ አድገው አግብተዋል።

እሑድ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ ጀማል ወንበሮችን በክብር ቅደም ተከተል እየደረደረ ስለነበር በጓሮ በኩል ወደ ማድቤት ዞርኩ። እትዬ ዘሀራ ሽንኩርት በዳሰሳ ይከትፋሉ።

«መጣሽ፣ ራህሜ? በእርምጃሽ አወቅሁሽ።»

«ዓይንዎ እንዴት ነው፣ እትዬ?»

«ቀኙማ ሄዷል። ግራው ጉም ነው፤ ካልተጠጋሁ ሰውን ከግንድ አልለይም። ሐኪሙ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል ብሎኛል፤ ያውቃል እሱ።» ቢላዋውን አስቀመጡ። «ዛሬ ያንን ያሳያሉ አሉ። እኔ ያለሁበትን።»

«አዎ፤ የእህሉን ፊልም።»

«ሐሊማም አለችበት። አዝያት ነበር። እናትሽ ያንን ነገር ወደኛ ስታዞር አይቻለሁ። አለችበት አይደል?»

አለችበት። አንገቷን ከእናቷ ትከሻ በላይ አውጥታ ካሜራውን ታያለች፤ ከረጢቱ ሲመጣ ደንግጣ ከጀርባ ትደበቃለች። ያቺን ልጅ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻታለሁ። ስሟን የሰማሁት ግን ያን ጠዋት ነው።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ፤ ለወቀሳ አልነበረም። «ፊቷ ጠፍቶብኛል፣ ራህሜ። ድምጿ አለ፣ ሽታዋ አለ፤ ፊቷን ግን አጣሁት። በሌሊት ስፈልገው የሌላ ሰው ልጅ ፊት ይመጣብኛል። ይኼ ግራው ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ባያት፣ ወላሂ ሌላ አልለምንም።»

«ዛሬ ያዩዋታል። ከፊት አስቀምጥዎታለሁ።»

«አብሽሪ፤ ቆሜም አያለሁ።»

ከዙህር በኋላ እንግዶቹ ገቡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በሙሉ ልብስ፣ ከእሱ ጋር ሁለት አባላት፣ በመጨረሻም ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድን የማያውቅ አንባቢ፣ በየድግሱ ከምግቡ ቀድሞ የሚቀርብ ምስጋና አድርጎ ይሳለው። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ አባቴ ከሱቁ አዲስ አቡጀዲ አስመጥቶ ግድግዳው ላይ በምስማር አስወጥሯል። እኔ ማሽኑን አጸዳሁ፣ ፊልሙን አጎረስኩት፣ አምፖሉን ሞከርኩ። ያለችን የመጨረሻዋ አምፖል ናት። ከዚያ አንዲት የመቀመጫ ዱካ አምጥቼ ከአቡጀዲው ፊት አስቀመጥኩ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ጀማል።

«የእትዬ ዘሀራ ቦታ ነው።»

«እሷ ከተቀመጠች ማን ያስተናግዳል?»

«አንተ።»

ቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን አስተካክለው መጥተው ተቀመጡ። መብራቱን አጠፋሁና ማሽኑን አስነሣሁት። የግቢያችን በር አቡጀዲው ላይ ተከፈተ፤ የተሰለፉት ሰዎች ከሩቅ ታዩ። አባቴ ከዘራውን አነሣና «በዚያን ጊዜ» ብሎ ጀመረ። ልክ ያኔ ጀማል ከኋላ ጮኸ፦

«እትዬ ዘሀራ! ለሰብሳቢው ውሃ!»

«ቆይ፣» አልኩ፤ «አንተ አምጣ።»

ግን ተነሥተው ነበር። ስማቸው በተጠራ ቁጥር ለመነሣት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠለጠኑ ጉልበቶች ጌታቸውን አይጠይቁም። በጨለማው ውስጥ ግድግዳውን ይዘው ወጡ። ሐሊማ አቡጀዲው ላይ ብቅ አለች፣ አየችን፣ ተደበቀች፤ እናቷ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። እትዬ ዘሀራ ጆግና ብርጭቆ ይዘው ሲመለሱ ሽማግሌው አልፎ ሦስተኛዋ ሴት እየተቀበለች ነበር።

«የአላህ ያለህ!» አለ ጋሽ ሰይድ። «እጁን እዩልኝማ! ሲሰጥ እንኳ አያይም!»

«ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ ይባል የለ፣» አለ አባቴ፣ ከዘራውን ከምስሉ ላይ ሳያወርድ።

እርግጥ ነው ግራ እጁ አላወቀም። ካሜራው ነው ያወቀው። ካሜራው ያወቀውንም ደሴ በሙሉ እንዲያውቅ ተደርጓል።

ሰብሳቢው በጨለማው ውስጥ ራሱን እየነቀነቀ «ታሪክ ነው፣ ታሪክ ነው» ይላል። ውሃውን አልጠጣም። ብርጭቆው ምን እንዳስከፈለ ሳያውቅ ከእግሩ ሥር አስቀመጠው።

ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እትዬ ዘሀራ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«አለፈች?»

«አለፈች።»

ጆጉን በሁለት እጃቸው ያዙና ቆሙ። እኔ የማሽኑን ማዞሪያ ወደኋላ ጠመዘዝኩት። ፊልሙን አውጥቶ እንደገና ማጉረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ጀማል ወደ ምግቡ ይጣደፋል። አምፖሉን ሳላጠፋ ወደኋላ ብመልሰው መጨረሻ ላይ የምትመጣው ሐሊማ ናት። ያሰብኩት ይኸንን ብቻ ነው። «ይጠጉ፣ እትዬ፣» አልኳቸው፤ «አሁን ትመጣለች።»

ሳሎኑ በሳቅ ተናወጠ። ሰው ወደኋላ ሲራመድ መቼም ያስቃል። ጎንብሳ የነበረችው ሴት ቀና አለች፤ በጀርባዋ ወደ አባቴ ሄደች፤ ከረጢቱን ከደረቷ አንሥታ ዘረጋችለት፤ አባቴ ተቀበላት። ከዚያ ሽማግሌው በተራው እየተንገዳገደ መጥቶ አስረከበ። አባቴም ሳቀ። ጋሽ ሰይድ «አይ ይመር፣ አሁንስ ዘረፍካቸው!» ብሎ ጉልበቱን መታ።

እትዬ ዘሀራ አቡጀዲው ዘንድ ደርሰው ግራ ዓይናቸውን ለጨርቁ አስጠግተዋል።

«እንዴ፣» አሉ። «አዎ። አሁን ልክ ሆነ።»

«ምኑ ነው ልክ የሆነው፣ እትዬ?» አለ ጀማል እየሳቀ።

«የቅድሙ ልክ አልነበረማ። ውሃውን ይዤ በጨርቁ ጥግ ሳልፍ ጨረፍ አድርጌ ሳየው ሲሰጠን ያሳያል። ግራ ገባኝ። የፊልሙ መኪና ተሳስቶ ነው አልኩ። ይኸው አሁን አስታወሰ።» ፊታቸውን ከጨርቁ ሳይመልሱ፣ ስለ ትናንት ገበያ እንደሚያወራ ሰው ነበር የሚናገሩት። «እንዲህ ነበር። ያዙ አለን፤ ያዝን። ጎንበስ በሉ አለን፤ አልን። ያ ነገር መንጫጫቱን ሲያቆም ከረጢቱን ተቀበለንና ለሚቀጥለው ሰው ሰጠ።»

ሳቁ ቆመ። የሚሰማው የማሽኑ ጥርስ ብቻ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ያኔ ነው ያየሁት። ከከረጢቱ አንድ ጎን ቀይ እራፊ ተጥፏል። ሴትዮዋ ያስረከበችው ከረጢት ላይ ቀይ እራፊ አለ። ሽማግሌው ያስረከበው ላይ ያው ቀይ እራፊ፣ በዚያው ጎን፣ በዚያው የተንጋደደ ስፌት። ጨርቅ ላይ እንከን በመፈለግ ደመወዝ የምትቀበል ሴት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያየችውን ከረጢት የምታየው ገና አሁን ነው። የፊልሙ መዝለልም ገባኝ። እውነቱ ያለው እናቴ ጣቷን ባነሣችባቸው ቦታዎች ነበር።

አሁን ተራው የወጣቷ ዘሀራ ሆነ። ከጎነበሰችበት ቀና አለች፤ በጀርባዋ ተጠጋች። አሮጊቷ ዘሀራ ደግሞ ለማየት ጓጉተው ይብስ ወደ ጨርቁ ተጠጉ። ጥላቸው ምስሉን ዋጠው። ሐሊማ ከተደበቀችበት ብቅ አለች። ግን ያረፈችው በአቡጀዲው ላይ ሳይሆን በእናቷ ጀርባ፣ በነጠላቸው ላይ ነበር፤ ያኔ ታዝላ በነበረችበት ቦታ። እኔ አየኋት። እሳቸው የሚያዩት የራሳቸውን ጥቁር ጥላ ነው።

«የት አለች? ራህሜ፣ ጨለመብኝ።»

«ወደ ጎን፣ እትዬ፤ ትንሽ ወደ ጎን...»

«ክፈቱት!» አለ አባቴ።

ጀማል ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ገፈፈው። የደሴ ፀሐይ ገብታ ሐሊማንም፣ በሩንም፣ ሰልፉንም አጠበቻቸው። ባዶ አቡጀዲና አንዲት አሮጊት ቀሩ።

«ዘሀራ፣ ሂጂ ወጡን እዪ፣» አለ አባቴ።

«ወጡ ወርዷል፣ ጋሼ።»

አሁን አንድ ሰው አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዕድሜ ነው፤» አለ፣ «አረጋውያን ትውስታ ያምታታባቸዋል።» ከአባላቱ አንዱ ጫማውን ያጠና ነበር። ጋሽ ሰይድም ከተሳለበት አልወረደም፤ «ወደኋላ የሚሄድ ነገር መቼ ቀንቶት ያውቃል!» አለ፤ ሁሉም እፎይ ብለው ሳቁ። እጅ ሳይታጠቡ ንባብ ቤቱ በአባቴ ስም እንዲሰየም በአንድ ድምፅ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ታጠቡ። ያስታጠቧቸው እትዬ ዘሀራ ናቸው። ሰብሳቢው እጁን ዘርግቶ፣ ውሃውን ከሚያፈሱለት እጆች በላይ ያለውን ፊት ላለማየት ጣራ ጣራውን ይመለከት ነበር።

እነሱ ሲበሉ ፊልሙን በእጄ እየጠቀለልኩ ወደ አባቴ ጎንበስ አልኩ።

«አባ፣ ቀይ እራፊ ያላት ከረጢት አንዲት ብቻ ነበረች?»

ያፍራል ብዬ ነበር። ጉርሻውን ዋጠ።

«ለዕይታ የምትሆን ከረጢት አንዲት ናት የነበረችው። ፊልም እንዲያ ነው የሚሠራው።»

«መጋዘን የነበረው እህልስ?»

«ተሸጠ። ምን ይሁንልሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የተቆጣ ሳይሆን የሚያስተምር ድምፅ ነበር። «በዚያ ዓመት የሰጠ ሁሉ ኋላ ከተቀባዮቹ ጋር ተሰለፈ። እኔ አልተሰለፍኩም። አንቺን ዩኒቨርሲቲ ያስገባሽ የእኔ አለመሰለፍ ነው። አሁን ተቀመጪና ብዪ።»

ከሁሉም የከፋው መልሱ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው።

«ሐሊማስ?» አልኩት።

«ሐሊማ ማን ናት?»

ማስመሰል አልነበረም። በከዘራው ሲጠቁማት የኖረውን ልጅ ስም አያውቅም። ለነገሩ እኔም ከጠዋቱ በፊት አላውቅም ነበር፤ በእኔና በአባቴ መካከል ያለው ልዩነት የግማሽ ቀን ነበር። ያንን ልዩነት ለማስፋት ወሰንኩ።

ፊልሙን በቆርቆሮው ከትቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ።

«ወዴት ነው?» ጀማል እጁን ሳይታጠብ ተነሣ። «ራህመት፣ ይኼ እኮ የቤተሰብ ቅርስ ነው!»

«ቅርሳችሁ ተሰቅሏል፣» አልኩት ወደ አቡጀዲው እያሳየሁ። «እሱን ትቼላችኋለሁ።»

ማድቤት ገባሁ። «እትዬ፣ ከእኔ ጋር ኮምቦልቻ ይሄዳሉ?»

«ለስንት ቀን?»

«መመለስ እስኪያሰኝዎ።»

«ያ ነገርስ?»

«ይዤዋለሁ።»

«እንግዲያው እንሂድ፣» አሉ። ልብሳቸው አንድ ፌስታል አልሞላም። ወጡን ማን እንደሚጨልፍ አልጠየቁም።

በሐረጎ ቁልቁለት ማሽኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ስለ አምፖሏ እየሰጋሁ ወረድን። አጠገባቸው የተቀመጠ ወጣት «እማማ፣ ዶሮ ነው እንዴ ያቀፈችው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ልጄ ናት» አሉት።

በማግስቱ ከሥራ ቀረሁ፤ የማላደርገው ነገር ነው። የሳሎኔን መስኮት ሸፍኜ፣ ጥላቸው ግድግዳው ላይ እንዳይወድቅ ከማሽኑ ጎን አስቀመጥኳቸው፤ ማሽኑንም ምስሉ አንሶ እንዲደምቅ ለግድግዳው አቀረብኩት። አምፖሏ አንዴ ብልጭ ብላ ጠፋች። ነካ ሳደርጋት በራች።

«በየትኛው ላሳይዎት?»

«ልክ በሆነው፣» አሉ።

ከመጨረሻው ጀምሬ ወደኋላ አስኬድኩት። ከረጢቱ ከሴትዮዋ ወደ አባቴ፣ ከሽማግሌው ወደ አባቴ፣ ከወጣቷ ዘሀራ ወደ አባቴ ተመለሰ። ከረጢቱ ሲርቅ ሐሊማ ከእናቷ ጀርባ ቀስ ብላ ብቅ አለች፤ ዓይኖቿን አፍጥጣ አየችን። እናትና ልጅ በጀርባቸው ከግቢያችን በር ወጥተው፣ ምንም ሳይቀበሉ፣ በመጡበት መንገድ ወደ አገራቸው ሄዱ።

እትዬ ዘሀራ አላለቀሱም። «ግንባሯ የአባቷ ነው፤» አሉ፤ «ረስቼው ነበር።»

ንባብ ቤቱ ተከፍቷል። በበሩ ላይ የአባቴ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ፊደሉ አምሯል ይላሉ። አልሄድኩም። ዲግሪዬን አልመለስኩም፤ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ የተገዛበትን ግን አውቃለሁ። እናንተም በየበዓሉ በስልካችሁ ላይ የሚያልፉትን ታውቋቸዋላችሁ፤ በአንድ እጁ ዘይትና ማካሮኒ ይዞ በሌላው ስልኩን ወደ ድሃዋ ፊት የሚያቀናውን፣ «እማማ ወደዚህ ይዩ» የሚለውን። አባቴ ከእነሱ የሚለየው ፊልሙን ለማሳጠብ ወራት መጠበቁ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ምስል ሲመጣባችሁ ከማድነቃችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ በልባችሁ ወደኋላ አስኪዱት፤ ከዚያ ሴትዮዋን ስሟን ጠይቋት።

እኔ ፊልሙን አስገልብጬዋለሁ፤ አሮጌው ማሽን ግን ከቤቴ አልወጣም። እትዬ ዘሀራ ግራ ዓይናቸው ከተዘጋ በኋላም የጥርሱን ድምፅ ካልሰሙ ፊልም አሳየሁ ብል አያምኑኝም። ዓርብ ዓርብ ማሽኑን ያስነሡኛል። ድምፅ የሌለው ፊልም ተናጋሪ ይፈልጋልና፣ ብዙ የማልናገረው ሴት አጠገባቸው ተቀምጬ እናገራለሁ።

«የት ደረስን?» ይሉኛል።

«ሽማግሌው አስረከበ። አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ተጠጉ። ከረጢቱን ወሰደብዎት። አሁን ሐሊማ ልትወጣ...»

«በቃ፣ ዝም በዪ፣» ይሉኛል እጄን ይዘው። «እሷን እኔው አያታለሁ።»